ጋቢና ማን አለ?

አማርኛችን ለመኪና አደጋ ያዘጋጃት አንዲት ሐረግ አለች፤ «ፍሬን በጥሶ» የምትባል። ሬዲዮኑ ጠዋት ጠዋት የሌሊቱን አደጋ ሲቆጥር፣ ጋዜጣው ሲጽፍ፣ ለቅሶ ቤት የተቀመጠው ጎረቤት ዘግይቶ ለገባው ሰው ነገሩን ሲያስረዳ ሁሉም የሚጀምረው በእሷ ነው። «ፍሬን በጥሶ ገደል ገባ»፤ «ፍሬን በጥሶ ገበያተኛው ላይ ወጣ»። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው «ነፍስ ይማር» ማለት ብቻ ነው። በጠሰ የተባለው መኪናው ነው፤ መኪና ደግሞ ብረት ነው። ብረትን ማን ይከሰዋል?

ለመኪኖቹ የምናወጣላቸው ቅጽል ስምም ከዚሁ ልማድ የመጣ ይመስለኛል። አይሱዙን «አልቃይዳ» ብለነዋል፤ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብለነዋል። ስሞቹ ከመረረ ኀዘን የወጡ ናቸውና አልቀልድባቸውም። ነገር ግን ልብ ብሎ ላየው፣ ስሙ የወጣው ለብረቱ ነው። መሪውን የጨበጠው ልጅ፣ ያስጨበጠው ባለንብረት፣ ፈትኖ ያሳለፈው ባለሥልጣን፣ «ቶሎ በል» እያለ የሚደውለው ነጋዴ በዚያ ስም ውስጥ የሉም።

ታናሽ ወንድሜ በ2011 ዓ.ም. የከባድ ጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ሲመጣ ሐረጓ ቤታችን ድረስ ዘለቀች። እናታችን ልጇ ሥራ ሊይዝ በመሆኑ እልል አለች፤ በዚያው አፏ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተሳለች። ዘመድ አዝማዱም «እንኳን ደስ ያለህ» እና «እግዚአብሔር ይጠብቅህ» የሚሉትን ሁለት ቃላት እያከታተለ ይመርቀው ጀመር። ለሌላ ሥራ የገባ ሰው እንዲህ አይመረቅም። ባንክ ቤት ለተቀጠረ ልጅ ጥላ የሚሳል የለም።

አጎታችን ግን አልመረቁም፤ ጠየቁ። አጎታችን ሠላሳ ዓመት ያህል መሪ ጨብጠው የኖሩ ናቸው። ኤንትሬ ከምንለው ፊያት ጀምረው ተሳቢ የሚጎትቱ ትልልቅ መኪኖችን ነድተዋል። የአሰብን መንገድ እንደ ቤታቸው ደጅ ያውቁት ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ በር ሲዘጋና ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሲዞርም በጋላፊ በኩል ተመላልሰዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ስለ መኪና ብዙ ማውራት አይወዱም። የዚያን ዕለት ግን ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልጠበቁም።

«ማን ጋር ነው የተቀመጥከው?» አሉት።

«እንዴት ማለትዎ ነው ጋሼ?»

«ጋቢና ውስጥ ነዋ! ረዳት ሆነህ ከማን ጋር ሠራህ?»

«ከማንም ጋር አልሠራሁም። ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት።»

አጎታችን ጥቂት ዝም ብለው «ደግ፤ መንጃ ፈቃዱንስ ይዘሃል» አሉ። ከዚያ ወሬውን ወደ ዝናቡ ወሰዱት።

ወንድሜ ቅር አለው። እኔ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። እውነትም ምን ተምሯል? የትምህርት ቤቱን ስም ማንሣት አያስፈልግም። በጥቂት ወራት ውስጥ የመንገድ ምልክቱን፣ ሕጉን፣ የሞተሩን አሠራር በክፍል ተምሯል። ሜዳ ላይ ወደ ኋላ መግባትን፣ ዳገት ላይ አቁሞ ማስነሣትን ተለማምዷል። ሕጉን ሲጠይቁት እንደ ውዳሴ ማርያም ይወጣዋል። ነገር ግን የነዳው መኪና ሁልጊዜ ባዶ ነበር። በሙሉ ጭነት አንድ ቀን አልነዳም። ሌሊት አልነዳም። የጣርማ በር ዓይነት ጉም ውስጥ አልገባም። ተሳቢ ከኋላ ሲገፋ ወገብ ላይ የሚሰማው ነገር ምን እንደሆነ ሰውነቱ አያውቅም። እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ 400 ኩንታል ሲሚንቶ የተጫነበት መኪና ከነተሳቢው የተረከበው።

ድሮ የሾፌርነት ትምህርት ቤቱ ጋቢና ነበር። ረዳት ሆኖ የገባ ልጅ ሾፌሩ ሳይነሣ ይነሣል። ጎማውን በብረት እየመታ በድምፁ ነፋሱን ይለካል፤ ዘይቱንና ውኃውን ያያል፤ ሸራውን ያጠብቃል። መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ታኮውን ይዞ የሚወረወረው እሱ ነው፤ ወደ ኋላ ሲገባ «ና! ና! በቃ!» እያለ የሚጮኸውም እሱ። ሌሊት ዕቃው ላይ ይተኛል። ቀን ቀን ደግሞ ከሾፌሩ በስተቀኝ ተቀምጦ ያያል። ሾፌሩ ማርሽ የሚቀንሰው የት ቦታ ላይ እንደሆነ፣ እግሩ መቼ ፍሬን ላይ እንደሚያርፍና መቼ እንደሚነሣ፣ ከሩቅ የሚመጣ የከብት መንጋ ሲታይ ምን እንደሚያደርግ፣ እንቅልፍ ሲመጣ የት እንደሚያቆም ሁሉ ያያል። ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ከአዋሽ ወዲያ ባለው ሜዳ ላይ «እስቲ ያዝ» ይባላል። ቁልቁለት የሚሰጠው ገና ከዚያ በኋላ ነው፤ አምስተኛ መንጃ ፈቃድ ይባል የነበረውን እስኪያወጣማ ብዙ ክረምት ያልፋል።

የሙያው ቋንቋ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ባሌስትራ፣ ታኮ፣ ፍሬቻ፣ ታርጋ የምንላቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። መዝገበ ቃላት አገላብጦ ያስገባቸው ሊቅ የለም። ከጋራዥ ወደ ጋቢና፣ ከሾፌር አፍ ወደ ረዳት ጆሮ ሲተላለፉ፣ በየአፉ እየተሞረዱ አማርኛ ሆኑ። ቃሉ በዚህ መንገድ ከመጣ፣ አነዳዱም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ይህን ስል ያ ዘመን ገነት ነበር ማለቴ አይደለም። ረዳት በጥፊ ይመታ ነበር፤ ደመወዙ ብዙ ጊዜ ምሳውና እራቱ ብቻ ነበር። ከሾፌሩ የሚወርሰውም ደግ ደጉን ብቻ አልነበረም። ሾፌሩ ጠጥቶ የሚነዳ ከሆነ ረዳቱ ያንን ይማራል፤ ጫት ይዞ ሌሊቱን የሚያነጋ ከሆነም ያንኑ። አጎታችን ራሳቸው «እኔን ካስተማሩኝ ሁለት ሾፌሮች አንዱን ብቻ ነው የመሰልኩት፤ ሁለተኛውን ብመስል ኖሮ ዛሬ አታገኙኝም ነበር» ይላሉ። ረዳት ዛሬም ቢሆን አለ። ነገር ግን በሃያ አራት ዓመት ሾፌር አጠገብ የአሥራ ሰባት ዓመት ረዳት ይቀመጣል። ሁለቱም ልጆች ናቸው። ጋቢናው ውስጥ ሽማግሌ የለም። ትምህርት ቤቱ ሕጉን ይዞ መጣ፤ ደግ አደረገ። የጋቢናው ትምህርት ሲቋረጥ ግን በምትኩ ምን እንደገባ የጠየቀ ብዙ ሰው አላየሁም።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ወንድሜ ወደ ባሕር ዳር ሲሚንቶ ሊያደርስ ሲነሣ አጎታችን «ዘመድ ልጠይቅ ነው፤ አድርሰኝ» አሉት። የምን ዘመድ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል፤ ማንም ግን አልተናገረም። እኔም ለጽሑፍ ይረዳኛል ብዬ ከመቀመጫው ኋላ ካለችው አልጋ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ።

ጎሃ ጽዮን ደረስን። ከዚህ እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሹ ወደ ዓባይ ይወርዳል፣ ግማሹ ከዓባይ ይወጣል። ወንዙ ያለው ከአፋፉ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው። አጎታችን ቁልቁለቱ ሳይጀመር «እስቲ ዳር ያዝ» አሉ። ወርደው መኪናውን ዞሩት። ሞተሩን አስጠፍተው ነፋስ የሚያፈስ ቦታ ካለ በጆሮ አዳመጡ፤ የነፋሱን ሰዓት አዩ፤ ተሳቢው የተያያዘበትን በእጃቸው ነቀነቁ። ተመልሰው ሲቀመጡ እንዲህ አሉት፦

«ይህን ቁልቁለት ዳገት ነው እንበልና ብትወጣው፣ በስንተኛ ማርሽ ትወጣዋለህ?»

ወንድሜ ነገራቸው።

«በእሱ ውረድ። ብትፈራ አንድ ዝቅ አድርግ እንጂ ከፍ አታድርግ። መሀል ላይ ማርሽ ልቀይር አትበል፤ ካወጣኸው ላይገባልህ ይችላል። እግርህን ፍሬን ላይ አታስተኛ። ሞተሩ ይያዝልህ። ሲበዛበት ብቻ ረገጥ አድርገህ በደንብ ቀንስና ልቀቀው፤ ይተንፍስ።»

ያን ያህል ብቻ ነው ያስተማሩት። ሃያ ኪሎ ሜትር ያህሉን ቁልቁለት ለመውረድ አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀብን። ሞተሩ ያጓራል፤ ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ተቀምጠው ያዩናል። ከኋላችን የመጡት እየጮኹብን ያልፋሉ፤ አንዳንዱም በመስኮት እጁን አውጥቶ የሚለውን ይላል። የወንድሜ ጆሮ ሲቀላ ከኋላ ይታየኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ሰው ሁሉ እየቀደመን ነው እኮ።»

«ይቅደም። ዓባይ እንደሆነ እዚያው ነው ያለው።»

በ2000 ዓ.ም. ማለቂያ የተመረቀውን፣ በጃፓን እርዳታ የተሠራውን የህዳሴ ድልድይ ተሻግረን የደጀንን ዳገት ጥቂት እንደወጣን፣ ክላክሱን ነፍቶብን ካለፈን ተሳቢ መኪና ጋር ተገናኘን። ዳር ይዞ ቆሟል። ከጎማዎቹ መሀል ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ሸለቆውን ሞልቶታል። ማንም አልተጎዳም። ሾፌሩ ከወንድሜ ቢያንስ እንጂ የሚበልጥ አይመስልም። እጁ እየተንቀጠቀጠ በጀሪካን ውኃ ሊያፈስበት ሲል አጎታችን ከመኪናው ወርደው «ተው ልጄ፣ ውኃ አታፍስበት፤ ታምቡሩ ይሰነጠቃል። በራሱ ይብረድ» አሉት። ከዚያ ወንድሜን ጠርተው መዳፉን ወደ እኛ መኪና ታምቡር እንዲያስጠጋ አደረጉት። ለብ ያለ ነበር። ልጁም እንዲሁ አስጠግቶ አየ። ሦስቱም ዝም አሉ።

ቤት ስመለስ ነገሩን በወረቀት አሰላሁት። 400 ኩንታል ማለት 40 ቶን ነው። መኪናውንና ተሳቢውን እንተወውና ይህ ጭነት ብቻ 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 392 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይሆናል። ያም 11 ሊትር ያህል ናፍታ ሲነድ ከሚሰጠው ሙቀት ጋር እኩል ነው። ይህ ሁሉ ጉልበት የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋል። ሞተሩ ይዞ ካላስቀረው ወይ ፍሬኑ ላይ እሳት ይሆናል፣ ወይ ፍጥነት ይሆናል። እግሩን ፍሬኑ ላይ አስተኝቶ የሚወርድ ሾፌር ያንን ናፍታ ታምቡሩ ውስጥ እያነደደው ነው ማለት ይቻላል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፤ ሸራውም ሲቃጠል መያዙን ይተዋል። ያኔ ፔዳሉ እግር ሥር አለ፣ ነፋሱም ጋኑ ውስጥ አለ፤ መኪናው ግን አይቆምም።

«በጠሰ» የምንለው ብዙ ጊዜ ይህንን ነው። የተበጠሰ ነገር የለም። እንዲያውም በዛሬዎቹ ከባድ መኪኖች ብዙዎቹ ላይ ነፋሱ ጨርሶ ቢያልቅ የፍሬኑ ሞላ ራሱ ተስፈንጥሮ ጎማውን ይይዘዋል፤ መኪናው ባለበት ይቆማል እንጂ አይሮጥም። እርግጥ ነው፣ ያለቀ ሸራ ያልቀየረ፣ ፍሬን ያላስተካከለ ባለንብረት ሞልቷል፤ የዚያ ጥፋት የሾፌሩ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ደህናው ፍሬንም ቢሆን የሞተርን ሥራ ደርቦ ሲሠራ ይቃጠላል። ይህን ለማወቅ ፊዚክስ መማር አያስፈልግም፤ አጎታችን አልተማሩትም። በስተቀኝ ተቀምጠው አንድ ሰው ሲያደርገው አይተዋል።

ታዲያ አዲሱ ሾፌር ይህን ከሰማ በኋላም ለምን አያደርገውም? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ምክር ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። ወንድሜን በየጊዜው ስጠይቀው ቆይቻለሁ፤ መልሱ አንድ አልነበረም።

አንደኛው ናፍታ ነው። የሥራ ጓደኞቹ መጀመሪያ ያስተማሩት ብልሃት ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መልቀቅ ነበር። የሚተርፈው ናፍታ ተቀድቶ ይሸጣል፤ ጥቂት መቶ ብር ያስገኛል። የወር ደመወዙ ለቤት ኪራይ ለማይበቃው ልጅ ጥቂት መቶ ብር ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ምልልስ ነው። የሾፌሩ እውነተኛ ገቢ ከደመወዙ ይልቅ በየጉዞው የሚታሰብለት አበል ነው። በወር አንድ ጊዜ ጨምሮ የተመላለሰ ቤቱ ይዞት የሚገባው ይጨምራል። ስለዚህ በዝግታ የወረደባት እያንዳንዷ ሰዓት ከኪሱ ትቆረጣለች። «በዝግታ ይንዱ፤ ቤተሰብዎ ይጠብቅዎታል» የሚለው ሰሌዳ መንገድ ዳር ቆሟል፤ ቤተሰቡ የሚጠብቀው ግን እሱን ብቻ አይደለም፤ ብሩንም ነው።

ሦስተኛው ስልክ ነው። አጎታችን ከአሰብ ሲነሡ ባለንብረቱ እስኪደርሱ ድረስ የት እንዳሉ አያውቅም ነበር። ደከመኝ ብለው ሚሌ ቢያድሩ የሚጠይቃቸው የለም። ወንድሜን ግን ባለንብረቱ ይደውልለታል፤ ዕቃ ተቀባዩ ይደውልለታል፤ ደላላው ይደውልለታል። ሁሉም «የት ደረስክ?» ነው የሚሉት። እናታችንም ሳትቀር «የት ደረስክ ልጄ?» ትለዋለች፤ እሷ በፍቅር ነው። መሪ የያዘ ሰው ግን ሁሉንም የሚሰማው እንደ አንድ ጥያቄ ነው፤ መልሱም «ደርሻለሁ» እስኪሆን ድረስ እግሩ ይከብዳል።

አራተኛው እንቅልፍ ነው። ወደ 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ፣ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚመሳሰል ተመራማሪዎች ለክተው አሳይተዋል። ጫት ዓይንን ይከፍታል እንጂ ዕዳውን አይከፍልም። ምርቃናው ሲወርድ፣ ብዙ ጊዜ ሊነጋጋ ሲል፣ እንቅልፉ ከነወለዱ ይመጣል። ወንድሜ «ዓይኔ ተከፍቶ መንገዱን ሳላየው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄድኩ አላውቅም» ያለኝ ቀን እናታችን ቤት አልነበረችም፤ ተመስገን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ ላይ አደጋ ይሞታል። ከመቶው ዘጠና ሁለቱ የሚሞቱት የኛን በመሰሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው፤ የዓለም ተሽከርካሪ ግን በእነዚህ አገሮች ያለው ስድሳ በመቶው ያህል ብቻ ነው። ይህን የሚያነብ ሰው «ሠለጠኑ በሚባሉት አገሮች ሰዎቹ ከኛ ይልቅ ጠንቃቃ ቢሆኑ ነው» ይል ይሆናል። አይመስለኝም።

የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ አብረን የወሰድን አንድ ጓደኛዬ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከባድ መኪና ይነዳል፤ እዚያ በዚህ ሥራ የተሰማራው ያገራችን ልጅ ጥቂት አይደለም። ስንደዋወል የነገረኝ ነገር አስቆኝ ነበር። ፈቃዱን ካወጣ በኋላ የቀጠረው ድርጅት መኪና አልሰጠውም። ለብዙ ሳምንታት ከአንድ ነባር ሾፌር ጋር አንድ ጋቢና ውስጥ አስቀመጠው። ነባሩ ሲነዳ እሱ ያያል፤ እሱ ሲነዳ ነባሩ ያያል። «ይኸውልህ፣ ስንት ዓመት ተምሬ፣ ውቅያኖስ ተሻግሬ ረዳት ሆንኩ» አለኝ። መንግሥቱም ቢሆን ነገሩን ለሰዎች ጠባይ አልተወውም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ አዲስ የከባድ መኪና ሾፌር በተመዘገበ አሠልጣኝ ዘንድ ሳይሠለጥን የመንዳት ፈተናውን አይወስድም። ጭነት የያዘ ሾፌር አሥር ሰዓት አርፎ ከአሥራ አንድ ሰዓት በላይ መንዳት ክልክል ነው፤ ሰዓቱንም አብዛኞቹ መኪኖች ላይ የተገጠመ መሣሪያ ይመዘግበዋል። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ደግሞ አራት ሰዓት ተኩል የነዳ ሾፌር 45 ደቂቃ ያርፋል፤ የቀን ድርሻውም በመደበኛው 9 ሰዓት ነው። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የኅብረቱ ደንብ አንድ አንቀጽ ነው። ለሾፌር በሄደበት ርቀት ወይም ባደረሰው ጭነት ልክ መክፈል፣ ክፍያው የመንገድ ደኅንነትን የሚጎዳ ከሆነ የተከለከለ ነው ይላል። ምልልሱን ከሥሩ ይዘውታል ማለት ነው።

እኛ ሕግ አጥተን አይደለም። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 አለ፤ የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቦች አሉ፤ የትራፊክ ፖሊስም በየመንገዱ አለ። የጎደለን በፈቃዱና በመጀመሪያው ሙሉ ጭነት መካከል ያለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ለመሙላት ብዙ አዲስ ነገር መፈልሰፍ አያስፈልግም። የጋቢናውን ወንበር ለነባር ሾፌር መልሶ መስጠት ይበቃል፤ ያለ ጥፊ፣ በደመወዝ። በየከተማው ጡረታ ወጥተው ደጃፍ ላይ ፀሐይ የሚሞቁ እንደ አጎታችን ያሉ ሰዎች አሉ። አንድ አዲስ ልጅ ለስድስት ወር ከእነሱ ጋር ጅቡቲን ቢመላለስ፣ ዓባይን ቢወርድ፣ ጣርማ በርን በጉም ቢያልፍ፣ ለባለንብረቱ የሚያስወጣው ወጪ ከአንድ ተሳቢ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ባለንብረቶች ማኅበር አላቸው፤ ኢንሹራንሶችም ካሳውን የሚከፍሉት እነሱ ናቸውና ጉዳዩ ይመለከታቸዋል። አበሉም በምልልስ ብዛት ብቻ ከሚታሰብ፣ ያለ አደጋ በተነዳ ወር ቢታሰብ፣ አጎታችን በዓባይ አፋፍ ላይ የሰጡት ምክር ለአዲሱ ሾፌር ኪሳራ መሆኑ ይቀራል።

ዛሬ ያገራችን ሾፌር የሚፈራው ቁልቁለት ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ባለፉት ዓመታት በየመንገዱ የታገቱትን፣ የተገደሉትን ሾፌሮች ዜና ስንሰማ ኖረናል። ጥይት በሚፈራበት መንገድ ላይ «በዝግታ ውረድ» ማለት አንዳንዴ ቅንጦት ይመስላል። ወንድሜም አንድ ቀን ይህንኑ ብሎኛል። ቢሆንም ሰላም በሆነው መንገድ ላይ፣ ማንም በማያሳድደው ቦታ፣ በየቀኑ የሚሞተው ሰው አለ። እሱን «ፍሬን በጥሶ» ብለን ልንቀብረው አይገባም።

ወንድሜ አሁን የራሱ ረዳት አለው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ዝምተኛ የወሎ ልጅ ነው። ባለፈው ክረምት ጎማ ተንፍሶባቸው መንገድ ላይ ሲቆሙ፣ እንደ ልማዳችን ቅጠል ቆርጠው፣ ድንጋይ ደርድረው ለመጪው ምልክት አደረጉ። ጎማው ተቀይሮ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ረዳቱ ጋቢና ሊገባ ሲል ወንድሜ በሩን አልከፈተለትም። «ድንጋዩስ?» አለው። ልጁ ተመልሶ ሄዶ አንድ በአንድ እያነሣ ከአስፋልቱ አወጣው። ሌሊት ለሚመጣ ሰው ያ ድንጋይ ምን እንደሆነ መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል።

«ይህንንም ጋሼ ናቸው ያስተማሩህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አላስተማሩኝም» አለኝ። «ሲያነሡ አየኋቸው።»